ሕፃኑም ተሳፋሪ ነው

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ትምህርት ቤቶች ሊዘጉ ጥቂት ሳምንታት በቀሩበት በዚህ ወቅት ስለ አንድ ጉዳይ እንድጽፍ ይፈቀድልኝ። ክረምት በገባ ቁጥር ልጆቻችን መንገድ ላይ ናቸው። የባሕር ዳርና የአዲስ አበባ ልጆች አያቶቻቸውን ለመጠየቅ ወደ ጎንደር ይመጣሉ፤ የእኛዎቹ ደግሞ ወደ ደባርቅ፣ ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ መተማ፣ ራቅ ሲልም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። ከየወረዳው ለሕክምና ወደ ከተማችን ሆስፒታል በእናቶቻቸው ጀርባ ታዝለው የሚመጡት ሕፃናት ደግሞ ክረምት ከበጋ አይሉም። ጋዜጣችሁ ስለ ፍጥነት፣ ስለ ትርፍ ጭነትና ስለ አሽከርካሪዎች ብቃት ደጋግሞ ጽፏል፤ በዚህም አመሰግናለሁ። በተሽከርካሪው ውስጥ ስለተቀመጠው ሕፃን፣ ይልቁንም ቦታ ስላጣው ሕፃን፣ ያነበብሁት ግን እምብዛም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆኑ ልጆችና ወጣቶች ቀዳሚው የሞት ምክንያት የመንገድ አደጋ መሆኑን ካስታወቀ ዓመታት አልፈዋል።

ብዙ ዓመት በመዋዕለ ሕፃናት መምህርትነት ያገለገልሁ በመሆኔ የትንንሽ ልጆችን ጠባይ በመጠኑም ቢሆን አውቃለሁ ብዬ አምናለሁ። ሐሳቤ አጭር ነው። ሕፃን ራሱን የቻለ ተሳፋሪ ስለሆነ ወንበር ያስፈልገዋል፤ ሕፃን በመሆኑ ደግሞ ወንበሩ ላይ የሚያቆየው ሥራ ያስፈልገዋል። ብዙ ወላጆች ደኅንነቱን ለሾፌሩና ለፈጣሪ ይተዉና ማጫወቱን እንደ ቅንጦት ይቆጥሩታል። በመኪና ውስጥ ግን ሁለቱ አይነጣጠሉም፤ ከወንበሩ ተነሥቶ በመተላለፊያው የሚሮጠው፣ አንገቱን በመስኮት የሚያወጣው፣ የበሩን እጀታ የሚነካካው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ባለጌ ልጅ ሳይሆን የሚሠራው ያጣ ልጅ ነው።

አንድ ሚኒባስ ሞልቶ ከመናኸሪያ ሊወጣ ሲል የሚሆነውን እናስተውል። በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ አንዲት እናት ጨቅላዋን ታቅፋ ተቀምጣለች። የአራት ዓመት ልጇ ከጎኗ ባለው ወንበር ላይ እግሮቿን እያወዛወዘች ነው። ረዳቱ አንገቱን ብቅ ያደርግና «እናት፣ ልጅቷን ብድግ አድርጊያት፣ ሰው ይቀመጥበት» ይላል። ልጅቷስ ሰው አይደለችም ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እናቲቱም ለልጇ ስላልከፈለች መከራከር ታፍራለች፤ ልጅቷ ትነሣና በእናቷ ጉልበቶች መካከል ትቆማለች፤ አገጯም ከፊት ለፊቷ ካለው ወንበር የብረት መደገፊያ ጋር ይስተካከላል። ሾፌሩ ከአህያ መንጋ ለመዳን ፍሬን በድንገት ቢይዝ ያ ብረት የሚያርፈው የት ላይ እንደሆነ መናገር አያሻም።

እናት ልጇን አጥብቃ ከያዘችው ምንም አይሆንም የሚለው እምነት ከልብ የመጣ ቢሆንም ትክክል አይደለም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ተጋጭቶ በቅጽበት ሲቆም፣ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በእናቱ ክንድ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ከ100 ኪሎ በላይ ክብደት ካለው ዕቃ ጋር ይተካከላል። ያን ያህል ክብደት በድንገት ተወርውሮባት ይዛ የምታስቀር እናት የለችም፤ የፍቅር ማነስ ሳይሆን የክንድ አቅም ጉዳይ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ በቤት መኪና ዘወትር የሚታየው ልማድ ነው፤ አባት ጋቢና ተቀምጦ ልጁን ጭኑ ላይ ያደርግና አንዱን ቀበቶ በሁለቱም ላይ ያስራል። መኪናው ሲጋጭ የአባትየው ሙሉ ክብደት ሕፃኑን በቀበቶው ላይ ይጨፈልቀዋል።

ስለ አንቀልባም ጥቂት ማለት ይገባል። አንቀልባ ለእግር መንገድ ወደር የማይገኝለት ነገር ነው፤ እናት ሁለት እጇ ነጻ ይሆናል፣ ሕፃኑም ሙቀቷን አግኝቶ ይተኛል። ይሁን እንጂ በአንቀልባ እንዳዘለች መኪና ውስጥ የምትቀመጥ እናት ሕፃኑን በጀርባዋና በወንበሩ መደገፊያ መካከል እያጣበቀችው ነው፤ ትንፋሹ እንደታፈነም ላታይ ትችላለች። ከመሳፈሯ በፊት ፈትታ ወደ ፊት ልታቅፈው፣ ፊቱንም ከነጠላና ከጋቢ ልትገልጥለት ይገባል። ቀበቶ ካለ እናቲቱ ራሷ ትታሰር፤ ሕፃኑ ግን ከቀበቶው ውጪ ይሁን። ይህ በቂ ነው ማለቴ አይደለም፤ የሕፃን መቀመጫ በሌለበት የሕዝብ መኪና ከሁሉ ያነሰ ጉዳት ያለው አማራጭ ስለሆነ ነው።

የቤት መኪና ላላቸው ግን ሰበብ የለም። የሕፃናት መቀመጫ ወንበር ውድ መሆኑን አውቃለሁ፤ መኪናውም ርካሽ አልነበረም። ጨቅላ ልጅ ቢያንስ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ፊቱ ወደ መኪናው ኋላ ዞሮ በሚቀመጥበት ወንበር፣ ሁልጊዜም በኋላው መቀመጫ ሊጓዝ ይገባል፤ ኤርባግ ካለበት የፊት ወንበር ላይ እንዲህ ያለውን መቀመጫ ማስቀመጥ ለሞት የሚያበቃ ስሕተት ነው። የአዋቂ ቀበቶ በልጅ ትከሻና ዳሌ ላይ በትክክል የሚውለው ልጁ 1.45 ሜትር ገደማ ሲደርስ ነው። ከዚያ በፊት ገመዱ አንገቱንና ሆዱን ስለሚያገኘው ከፍ የሚያደርግ መቀመጫ ያስፈልገዋል።

በሚኒባስና በአውቶቡስ ለሚሄደው ብዙኃን ሕዝብ የምመክረው፣ አቅም በፈቀደ መጠን ለልጁ ወንበር እንዲገዛለት ነው። ሁለት ትንንሽ ልጆች ያሏት እናት አንድ ተጨማሪ ወንበር ገዝታ ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጥ እንኳ ከጭንና ከጉልበት ይሻላል። ጋቢናው ለልጅ አይሆንም፤ በሩ አጠገብ ያለው ተጣጣፊ ወንበርም እንዲሁ። ከመካከል ረድፍ በመስኮት በኩል ልጁ፣ በመተላለፊያው በኩል ወላጅ ቢቀመጥ ልጁ ሳይታይ መውጣት አይችልም፤ ወላጁም የመስኮቱን መስተዋት ልክ በአንድ እጁ መቆጣጠር ይችላል። የዛሬው ታሪፍ ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ሸክም መሆኑን አልዘነጋሁም፤ ስለዚህም ከዚህ ደብዳቤ መጨረሻ ላይ ለባለንብረቶች የማቀርበው ጥያቄ አለኝ።

ወንበር ከተገኘ በኋላ ልጁን ወንበሩ ላይ ማቆየት ቀጣዩ ሥራ ነው፤ ብዙ ወላጆች የሚቸገሩትም እዚህ ላይ ነው። ገና አዘዞን ሳያልፉ «እማዬ፣ ደረስን?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። «ሦስት ሰዓት ይቀረናል» ማለት ለአምስት ዓመት ልጅ ምንም ትርጉም የለውም፤ ሰዓትን የሚያውቀው በሰዓት ቆጣሪ ሳይሆን በሚያየውና በሚነካው ነው። ስለዚህ መንገዱን በሰዓት ሳይሆን በስፍራ እንከፋፍልለት። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ያለው 180 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ለዚህ የተመቸ ነው። አዘዞ፣ ጠዳ፣ ማክሰኚት፣ እንፍራዝ፣ አዲስ ዘመን፣ ወረታ፣ ሐሙሲት እያልን ስሞቹን ከዋዜማው ጀምሮ በዜማ ብናስጠናው፣ በመንገድ ላይ እያንዳንዱን ከተማ እንደ ራሱ ግኝት አድርጎ ይጠብቃል። እስከ ማክሰኚት በመስኮት በኩል የወንድም ተራ፣ ከማክሰኚት እስከ እንፍራዝ የእኅት ተራ ቢባል ጠቡም በግማሽ ይቀንሳል።

በየስፍራውም የሚጠበቅ ነገር አለ። እንፍራዝ አጠገብ በኮረብታው ላይ ያለው የጉዛራ ግንብ በ16ኛው መቶ ዘመን የነገሡት የዐፄ ሠርፀ ድንግል ነው ይባላል፤ የፋሲልን ግንብ ጎብኝቶ ለተመለሰ ልጅ «ከዚያኛው የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ግንብ ቀድሞ ላየ» የሚል ውድድር ብናወጣለት ከጠዳ ጀምሮ ዓይኑን ከመስኮቱ አይነቅልም። ከአዲስ ዘመን አቅራቢያ እንደ ጣት ወደ ሰማይ የቆመው የአሞራ ገደል ቋጥኝ አለ፤ ምን እንደሚመስል ልጁ ራሱ ይናገር። ከዚያ ወርዶ ፎገራ ነው፤ በክረምት ውሃ የተኛበት የሩዝ ማሳ፣ የታወቁት የፎገራ ከብቶች፣ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ የሚቆመው ነጭ ወፍ። ወደ መተማ የሚሄዱ ትልልቅ ልጆች ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. የወደቁት በዚያ እንደሆነ ቢነገራቸው ሙቀቱን የሚያስረሳ ወሬ ያገኛሉ። አስተማሪ በመሆኔ ይሆናል፣ ልጅ በመኪና መስኮት የሚማረውን ያህል በአንድ ወር ክፍል ውስጥ አይማርም ብዬ አስባለሁ።

እጅ ከማይነካቸው ጨዋታዎች ሁሉ የሚበልጠው ግን እንቆቅልሽ ነው። ዕቃ አይጠይቅም፣ መኪና ሲንገጫገጭ አይወድቅም፣ ባትሪ አያልቅበትም። ሕጉን ትንሽ ብናሻሽለው ደግሞ ለጉዞ የተሠራ ይመስላል። መልሱን ያጣው ልጅ «አገር ስጠኝ» ሲባል እንደ ልማዱ አዲስ አበባን ወይም ጎንደርን ከመስጠት ይልቅ መኪናው ገና የሚያልፍበትን ከተማ ብቻ እንዲሰጥ እናድርግ። «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ የሚያድር?» ብላ የጠየቀችው እኅት ወንድሟ ወንዝ ማለት አቅቶት ወረታን ቢሰጣት፣ «ወረታ ገብቼ ምን አጥቼ!» ብላ ሩዙንም ሽንኩርቱንም እየቆጠረች ወንድሟን በቀልድ ታሸማቅቃለች፤ እውነተኛው ወረታ ሲደርስም ከተማው የእርሷ ስለሆነ ሁለቱም በመስኮት በጉጉት ያዩታል። ከልጆቹ የሚፈልቁት አዳዲስ እንቆቅልሾች ደግሞ ከእኛዎቹ ይበልጣሉ፤ ከአንድ የአምስት ዓመት ተማሪዬ የሰማሁት «እግር የለው ይሮጣል፣ አፍ የለው ይጮኻል» የሚለው እንቆቅልሽ መልሱ የተቀመጥንበት አውቶቡስ ነበር።

ተረትም የሚጠቅመው በሁለተኛው አጋማሽ፣ ድካም ሲመጣ ነው። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ ልጅ ሳይታወቀው ድምፁን ዝቅ እያደረገ ይሄዳል፤ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» እስኪባል ድረስ ብዙዎቹ ተኝተዋል። የአያት ተረት ከእናት ይልቅ ረጅም መሆኑም ለዚህ ይጠቅማል።

የሚያዝ ዕቃን በተመለከተ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ራሱ የሚሸከመው ትንሽ ቦርሳ ቢኖረው መልካም ነው፤ በውስጡ ያለው ግን በአንድ ጊዜ መውጣት የለበትም። የጨርቅ አሻንጉሊት፣ በጣት የሚጫወቱበት የክር ቀለበት፣ ለማጠፍ የሚሆን ወረቀት በየተራ ከወጡ እያንዳንዳቸው አዲስ ናቸው። የተቀረጸ እርሳስ፣ እስክሪብቶና ዱላ ያለው ከረሜላ በሚንገጫገጭ መኪና ውስጥ ወደ ዓይንና ወደ ጉሮሮ ስለሚገቡ እስኪቆም ድረስ ይቆዩ። ስልክን በተመለከተ ፈጽሞ አይሰጥ የሚሉ አሉ፤ እኔ እስከዚያ አልሄድም። ድምፁ ተሳፋሪውን እንዳይረብሽ፣ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ እንዳይሆን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የባትሪው ግማሽ ለክፉ ቀን እንዲቀመጥ ብቻ አሳስባለሁ። በነገራችን ላይ በአንዳንድ አገር አቋራጭ አውቶቡሶች የቴሌቪዥን መስኮት ላይ ከማለዳ ጀምሮ የሚታየው የድብድብና የተኩስ ፊልም ለልጅ ዓይን የተገባ አይደለም፤ አጥፉልን ብሎ መጠየቅ የተሳፋሪ መብት ይመስለኛል።

የመንገድ ማቅለሽለሽ ከሁለት ዓመት እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ይበረታል። ምክንያቱ የውስጥ ጆሮ እንቅስቃሴን ሲናገር ዓይን ደግሞ የቆመ ነገር ስለሚያይ አእምሮ በሁለት ተቃራኒ ምስክሮች መካከል ግራ መጋባቱ ነው። የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወይም ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለውን የዓባይ በረሃ የሚያውቅ ሰው ይህ እንዴት እንደሚሆን አይጠፋውም። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ጨዋታው ሁሉ ይቁም፤ ልጁ ስልክና ሥዕል ትቶ ራቅ ያለውን ተራራ ይመልከት፣ ራሱንም በመደገፊያው ላይ ያሳርፍ። ሌሊት ተነሥቶ ከንጋቱ 11 ሰዓት የሚሳፈር ልጅ በባዶ ሆዱ መውጣት የለበትም፤ ቅቤ የበዛበት ጨጨብሳ ግን ለዚያ ጠዋት አይሆንም፤ ደረቅ ዳቦና ጥቂት ሻይ ይበቃዋል። ሎሚ ማሽተት ልማዳችን ነው፤ ጉዳት የለውም፣ ብዙ ልጆችም ያርፉበታል። ለማስመለሻ የሚሆን ፌስታል በመቀመጫው ኪስ ሳይሆን በወላጅ እጅ ይሁን።

የመስኮቱ ነገር ግን መነሣት አለበት። ንጹሕ አየር ለሚያቅለሸልሸው ልጅ የመጀመሪያው መድኃኒት ሆኖ ሳለ፣ በረሃው ወላፈን እየተፋ እንኳ «ኧረ ነፋስ ገባ፣ ዝጉት!» የሚል ድምፅ ከኋላ ይሰማል። ነፋስ ይመታል ብለው ያሳደጉንን ወላጆቻችንን አልንቅም፤ ነገር ግን ሃምሳ ሰው በተዘጋ መስኮት ሲተነፍስ ለሳልና ለሳንባ በሽታ መተላለፊያ የሚሆነው ራሱ መዘጋቱ ነው። ልጅ ያላቸው ወላጆች በትሕትና «አባባ፣ ልጁ ሊያስመልሰው ስለሆነ ጥቂት ገርበብ ይበል» ቢሉ አብዛኛው ተሳፋሪ ይፈቅዳል። ልጁ እንዲተኛ ተብሎ የሚሰጥ የሳል ሽሮፕ ግን ፈጽሞ ሊቀር ይገባዋል። ትንፋሽን ሊያዳክም የሚችል መድኃኒት ከጤና ባለሙያ ትእዛዝ ውጪ፣ ያውም ሕክምና በሌለበት መንገድ ላይ፣ ለሕፃን መስጠት ጨዋታ አይደለም።

ስንቅን በተመለከተ አንድ ነገር ላይ አጥብቄ እናገራለሁ፤ እርሱም ቆሎ ነው። የመንገደኛ ስንቅ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ዕድሜው ከአራት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ቆሎ፣ ሽምብራና ኦቾሎኒ በሚንቀሳቀስ መኪና ውስጥ መስጠት አደገኛ ነው። ጥርሱ ገና አላኘከውም፣ ልጁ እየሳቀ ወይም እያለቀሰ ሳለ መኪናው ጉድጓድ ሲመታ ፍሬው ወደ አየር ቧንቧ ይገባል። አጠገባችሁ የተቀመጡት ደግ እናት እፍኝ ቆሎ ለልጃችሁ ሲዘረጉ «እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሲያድግ ይበላል» ብሎ መመለስ ነውር የለውም። ልጅ ታንቆ ድምፅ ማውጣትና መሳል ካቃተው፣ ከአንድ ዓመት በታች ያለውን በክንድ ላይ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ በደፉት ጊዜ በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል አምስት ጊዜ በመዳፍ መምታት፣ ካልወጣ ደግሞ አገላብጦ ደረቱን በሁለት ጣት አምስት ጊዜ መጫን ነው። ከአንድ ዓመት በላይ የሆነውን ከጀርባ ከተመታ በኋላ ካልወጣ ከኋላው አቅፎ ከእምብርቱ ከፍ ብሎ ወደ ውስጥና ወደ ላይ መግፋት ያስፈልጋል። ይህንን ሾፌሮችና ረዳቶች ሁሉ ሊያውቁት የሚገባ ይመስለኛል።

ለቀሪው፣ የሚላጥ ፍራፍሬ፣ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንችና ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይበቃሉ። መንገድ በድንገት የሚዘጋበት ወይም መኪና የሚበላሽበት ጊዜ ስለሚኖር የአንድ ቀን ስንቅና ዳይፐር በትርፍነት መያዝ ብልህነት ነው። ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ከፋርማሲ የሚገኘው ኦአርኤስ በቦርሳ ይኑር፤ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን በንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ በየጥቂቱ ይሰጠዋል፤ ጡት የሚጠባውም መጥባቱን ይቀጥላል።

መኪናው ለምሳ ሲቆም ወላጆች እፎይ ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ከመንገዱ ሁሉ የምፈራው ያንን ግማሽ ሰዓት ነው። ለሰዓታት ታስሮ የቆየ ልጅ እግሩ መሬት ሲነካ መሮጥ ይፈልጋል፤ መሮጡም ትክክል ነው። ከመኪኖቹ ርቆ፣ ከአንድ ግድግዳ ጥግ፣ ሰኞ ማክሰኞ ተሥሎለት እየዘለለ ድካሙን ቢያወጣ ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ በእንቅልፍ ይጨርሰዋል። ድብብቆሽ ግን በመኪና ማቆሚያ ስፍራ ፈጽሞ መከልከል አለበት። ትንሽ ልጅ የሚደበቅበት ምርጥ ስፍራ ከአውቶቡስ ጎማ ጀርባ ነው፤ ከሾፌሩ መስተዋት ፈጽሞ የማይታየውም ያው ስፍራ ነው። ልጅን ሽንት ለማሸናት መንገድ አሻግሮ መውሰድም ሌላው ልማድ ነው፤ በር ባለበት፣ ከመንገዱ ውጪ ባለው ጎን ይሁን። መኪናው ሲነሣ «ሁሉም ገብቷል?» ለሚለው የረዳቱ ጥያቄ ከኋላ የተቀመጡት ስለመለሱ ብቻ አንታመን፤ እያንዳንዱ ወላጅ የልጁን እጅ ይዞ ይመልስ።

ስለ ሌሎቹ ጉዞዎች ጥቂት ብቻ ልጨምር። ወደ መተማ፣ ወደ ቋራና ወደ ሑመራ ቆላ ወይም ወደ ጣና ዳር ደምቢያና ፎገራ የሚወሰዱ ሕፃናት፣ በተለይ ዝናቡ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ያለ አጎበር አይተኙ፤ ከተመለሱም በኋላ በሳምንታት ውስጥ ትኩሳት ቢነሣባቸው ወላጅ ቆላ ሄደው እንደነበር ሳይጠየቅ ለጤና ባለሙያው ይናገር፤ ወባ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች በሆኑት ላይ ትፈጥናለችና። በአውሮፕላን የሚሄድ ጨቅላ ለማረፍ መውረድ ሲጀመር ጡት ወይም ጡጦ ቢሰጠው የጆሮውን ሕመም ይቀንስለታል። በጎርጎራ በኩል በጀልባ ለመንሸራሸር የሚሄዱ ደግሞ ለአዋቂ የተሠራ የሕይወት አድን ጃኬት ለልጅ እንደማይሆን ይወቁ፤ ልጁ ውሃ ሲገባ ጃኬቱ ይንሳፈፋል፣ ልጁ ግን ከሥሩ ሾልኮ ይሰምጣል። በልኩ ካልተገኘ ጀልባው ይቅር።

በጥምቀትም ሆነ በመናኸሪያ ግፊያ ልጅ እንዳይጠፋ፣ የዕለቱ ጠዋት ላይ ልጁን ከነልብሱና ከነጫማው በስልክ ፎቶ ማንሣት ለፖሊስም ለአስተናባሪም ከቃል ገለጻ የተሻለ ይረዳል። የወላጅ ስልክ ቁጥር በእጁ አንጓ ውስጠኛው ክፍል ላይ በእስክሪብቶ ይጻፍ፤ ስሙ ግን በልብሱ ላይ በሚታይ ስፍራ አይጻፍ፤ ስሙን ጠርቶ የሚያባብል እንግዳ ሰው ለልጅ ዘመድ ይመስለዋልና።

ለሕዝብ ማመላለሻ ባለንብረቶች ማኅበራትና ለሚመለከተው የትራንስፖርት ቢሮ የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 10 ዓመት ለሆኑ ልጆች የወንበር ቁጥር የተጻፈበት የግማሽ ዋጋ ትኬት ይዘጋጅልን። ይህ ሲሆን እናት ለልጇ ወንበር ስትከራከር የምታሳየው ወረቀት ይኖራታል፤ ረዳቱም «ብድግ አድርጊያት» ማለት አይችልም። ባለንብረቱ ግማሹን ዋጋ ያጣ ይመስለው ይሆናል፤ ይሁን እንጂ ዛሬ በጭን ከሚሄዱት ልጆች የሚያገኘው ምንም ስለሌለ፣ ወንበር የሚገዙ ወላጆች ሲበዙ ኪሳራው የሚታሰበውን ያህል አይሆንም። በረጅም መንገድ ላይ መኪናው ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ ለዐሥር ደቂቃ እንዲቆምና ይህም ከመናኸሪያ ሲወጣ ለተሳፋሪ እንዲነገር ቢደረግ ደግሞ ከልጆቹ አልፎ ሾፌሩንም ያሳርፋል። ዝግጅት ክፍሉ ይህንን ጥያቄ ለሚመለከታቸው አቅርቦ፣ ትምህርት ቤቶች ከመዘጋታቸው በፊት ምላሻቸውን ቢያትምልን በጎንደር ያለን ወላጆችና መምህራን በጉጉት እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት
ጎንደር